ከነጂው ጎን ያለው ወንበር

ያቺ ነጭ መኪና ወደ ጋራዡ የገባችው በሰው ትከሻ ነው። ሞተሯ ወርዶ ሌላ ቦታ ይታደስ ስለነበር መካኒኮቹ ከአስፋልቱ ጫፍ ጀምረው እየገፉ አመጧት። በሩ ላይ ያለችው ትንሽ ጉብታ ግን አላሳልፍ አለቻቸው። አንድ ክንድ ወደፊት ሲሉ ሁለት ክንድ ወደኋላ ትመልሳቸዋለች።

የመኪና ወንበር ሰፊዋ ከግቢው ጥግ ካለችው ክፍሏ ሆና ስታያቸው ቆየችና ትዕግሥቷ አለቀ። መርፌዋን ሽርጧ ላይ ሰክታ ወጣች።

«እናንተ ቁርስ አልበላችሁም እንዴ? ትከሻችሁን ስጧት እንጂ በጣት አትነካኳት! በሉ፣ አንድ ላይ... ሂድ!»

ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። መኪናዋ ጉብታዋን ዘልላ ገባች። መካኒኮቹ ሳቁ፤ የእትዬን ቁጣ ለምደውታል።

በመስኮቱ በኩል መሪውን ይዞ የነበረው፣ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ሰውዬ ግን አልሳቀም። እጁ መሪው ላይ እንዳለ ዞሮ አያት።

«እስኪ ይድገሙት» አላት።

«ምኑን?»

«አሁን ያሉትን። "ሂድ!" ያሉትን።»

«ጌታዬ፣ መኪናዎ ገብታለች እኮ። ከዚህ በላይ ግድግዳ ነው።»

«ይኸን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለ ሰውየው። «ዳገቱ ላይ፣ ኩርባው ጋ። ይቺ መኪና በጎኗ ተኝታ...»

ሰፊዋ መኪናዋን አየቻት። ክብ መብራቶቿን፣ እንደ ተኮራረፈ ልጅ ከንፈር ወጣ ያለውን የፊት መከላከያዋን አየች። 

«ነጯ!» አለች። «ነፋሱና ነጋሪው!»

ያን ጊዜ ራሊ የሚሉት የመኪና ውድድር ሲኖር ግማሹ ሰው ሥራ ይፈታ ነበር። መኪኖቹ በአንድ ጊዜ አይለቀቁም፤ አንዷ ሄዳ አቧራው በረድ ሲል ሌላዋ ትከተላለች። በእያንዳንዷ ውስጥ ሁለት ሰው አለ። አንዱ ይነዳል፤ ሌላው ከጎኑ ተቀምጦ መንገዱን ከወረቀት ላይ እያነበበ ይነግረዋል፦ «ጠበብ ያለ ኩርባ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ድልድይ፣ ከዚያ ቀጥታ» እያለ። ነጯን የሚነዳው ታላቅ ወንድም ነበር፤ ሕዝቡ ፍጥነቱን አይቶ «ነፋሱ» ብሎታል። ከጎኑ ሆኖ የሚያነብለት ታናሹ ደግሞ «ነጋሪው» ነው።

ሰፊዋ ያኔ ያላገባች ልጅ ነበረች። አባቷ «ሴት ልጅ አቧራ ልትቅም ነው የምትሄደው?» ይላል። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ከወንድሞቿ ጋር ማልዳ ዳገቱን ትወጣለች።

የራሊ ተመልካች አንድ ያልተጻፈ ደንብ ነበረው። መኪና ከተገለበጠ ማንም «ተረፋችሁ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ ትነሳለች፣ በእግሯ ትቆማለች፣ ትገፋለች። ጥያቄ ከዚያ በኋላ ነው። ነጯ ኩርባውን ስታ በጎኗ ስትጋደም ሰው ሁሉ እንደ ንብ ሰፈረባት። አቧራው የገዛ እጅህን እንኳ አያሳይም። «አንድ ላይ!» እያለች ያስነሳቻት እሷ ነበረች። ቀጥ ስትል የኋላ ኮፈኗን በመዳፏ ደልቃ «ሂድ!» አለች። መኪናዋም ሄደች።

አቧራው ሲጠራ ነው ጉዱ የታየው። ነጯ ወደ መጣችበት ነበር የሄደችው። ቁልቁል ስትበር ከኋላዋ ከምትመጣዋ መኪና ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠች፤ ነፋሱ መሪውን ጠምዝዞ እርሻ ውስጥ ገባ። ዋንጫውም በዚያው ቀረ።

«በዚያ አይደለም፣ በዚያ አይደለም እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኼ ነበር» አለ ሰውየው።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለች ሰፊዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «አንስተን በእግራችሁ አቆምናችሁ። በየት በኩል እንደምትሄዱ ማወቅ የእናንተ ሥራ አልነበረም?»

ሰውየው ለአፍታ አፈጠጠባት። ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«የእኔ ሥራ ነበር» አለ። «ነጋሪው እኔ ነኝ።»

የመጣው ወንበር ለማሰፋት ነበር። ራሊው ከስንት ዘመን በኋላ ሊመለስ ነው፤ አሮጌ መኪኖች ብቻ፣ በአሮጌው መንገድ። እሱም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመሪው ኋላ ሊቀመጥ አስቧል።

ወንበር ለማሰፋት አንድ ቀን መምጣት ይበቃል። ነጋሪው ግን በየቀኑ መጣ። አንድ ቀን የቆዳውን ቀለም ልይ አለ፤ በማግስቱ ያየውን ልድገም አለ። አንድ ቀን ደግሞ ምንም ሰበብ አጥቶ «በዚህ ሳልፍ ነው» አለ፤ መንገዱ ጋራዡ በር ላይ የሚያበቃ መሆኑን ረስቶት።

«ወዴት ሲያልፉ?» አለች ሰፊዋ ፈገግታዋን ለመደበቅ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

አንገቱን አከከ። የስፖንጁ ክምር ላይ ቁጭ አለ። እሷም ዝም ብላ ሰፋች። ዝምታው ግን የማይከብድ ዝምታ ነበር፤ እንደ ሞቀ ክፍል የሚያስቀምጥ። ባሏ፣ አፈር ይቅለለውና፣ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያለ ዝምታ እንደናፈቃት አሁን ገባት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት።

«አንቺ» ነበር ያላት። መርፌው ጣቷን ወጋት።

«ጠይቀኝ» አለች፤ «አንተ» ለማለት ድፍረቱን ከየት እንዳመጣችው ሳታውቅ።

«ያ ዳገት ምን ይመስላል?»

«አንተ አይደለህ እንዴ በየዓመቱ ስትወጣው የኖርከው?»

«ወጥቼዋለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም።» እጆቹን አየ። «ነጋሪ ዓይኑ ወረቀት ላይ ነው። ቀና ካለ መስመሩ ይጠፋዋል፤ መስመሩ ከጠፋው ሁለት ሰው ይሞታል። ኩርባውን በመቀመጫዬ፣ ድልድዩን በጆሮዬ ነው የማውቀው። ሰዎች "ያ ዘመን እንዴት ነበር?" ሲሉኝ የሚታየኝ ወረቀት ብቻ ነው። ራሊውን ያየሽው አንቺ ነሽ።»

ሰፊዋ ቆዳውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታ አታውቅም። ያን ሁሉ ዓመት እነሱን ለማየት ዳገት ስትወጣ፣ እነሱ ያላቸው እሷ የሌላት ነገር እንዳለ ነበር የምታስበው።

እናም ነገረችው። ጠዋት ሣሩ ላይ ጤዛ እንዳለ፣ ሰው ጋቢና ኮቱን አንጥፎ እንደሚቀመጥ። መጀመሪያ ወፎቹ እንደሚነሱ። ከዚያ ከተራራው ጀርባ አንድ ድምፅ እንደሚሰማ፣ ማሰሮ ውስጥ እንደገባች ንብ፣ እና ሽማግሌዎቹ «ቢጫዋ ናት!»፣ «የለም፣ ነጯ ናት!» እያሉ በድምፁ ብቻ እንደሚወራረዱ። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት እንደነበረች፣ ከነጂዎቹ አንዱንም ሳታውቅ መኪና ባለፈ ቁጥር «እኔን! እናቱ ምን ሆና ይሆን?» እያለች የምታለቅስ። ካለፉ በኋላ አቧራው ፀሐይ ሲመታው ወርቅ እንደሚመስል፣ የማይተዋወቀው ሰው ሁሉ እየተያየ እንደሚስቅ።

«እኛስ?» አላት ቀስ ብሎ። «እኛ ስናልፍ?»

«ነፋሱ ጥርሱን ነክሶ ያልፋል። አንተ ደግሞ አቀርቅረህ። ሰው ሁሉ ለነፋሱ ሲጮህ እኔ፣ "ያ ምስኪን አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ ባየን" እል ነበር።»

ነጋሪው ቀና አለ። አያት። ከግቢው የመዶሻ ድምፅ ይመጣል፤ አንዱ መካኒክ ሌላውን ይሰድበዋል። ሁለቱም አልሰሙም።

የነጂው ወንበር አልቆ የጎኑ ሲቀር፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ጠየቀችው።

«ይኸኛውን ለማን ልስፋው? ወፍራም ነው ቀጭን? ልኩን ሳላውቅ እንዴት ልቁረጥ?»

«በራስሽ ልክ ስፊው።»

መቀሱን አስቀመጠች። «አትቀልድ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት አምና ነው፤ ልጄ የጎልማሶች ትምህርት ቤት አስመዝግባኝ። አሁንም በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው።»

«አንቺ ባነበብሽው ልክ እነዳለሁ።»

«እንዲያ ከሆነማ ሲመሽም አንደርስም!»

«ማን ይጠብቀናል?» አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «የምጠይቅሽ ለአንድ እሑድ ብቻ አይደለም።»

«ገብቶኛል» አለች ዓይኗን ከሜትሩ ሳታነሳ። «ሰፊ ነኝ። ልክ ሲወሰድብኝ አውቃለሁ።»

እሺ አላለችም፤ እምቢም አላለችም። ግን በዚያው ከሰዓት የገዛ ትከሻዋን ለካች።

ወሬ እግር አለው። መጀመሪያ የደረሰው ነፋሱ ጋ ነበር። አንድ ጠዋት ምርኩዙን እያስጮኸ፣ እንደ ጠርሙስ ቂጥ በወፈረ መነጽሩ እያጮለቀ ወደ ክፍሏ ገባ። ነጋሪው እንደ ወትሮው ስፖንጁ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ይቺ ናት?» አለ ነፋሱ።

«እኔ ነኝ። ደህና አደሩ?»

«ዋንጫዬን የበላሽው!»

«ዋንጫ አይበላም፣ አባቴ። እርስዎን ግን ከነነፍስዎ በእግርዎ አቁመንዎታል። ይቀመጡ፣ ሻይ ላስመጣ።»

«አልቀመጥም!» ወደ ወንድሙ ዞረ። «መሪው የእኔ ነው። አንተ ስታነብ ነው የኖርከው።»

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ምን አለህ? ዓይንህ በሬና በርሜል አይለይም።»

«ቢሆንም ከአንተ እሻላለሁ! ይቺ ሴት እኔን አዞረችኝ፤ አንተንም ታዞርሃለች!»

ነጋሪው ተነሳ። በሕይወቱ ለታላቅ ወንድሙ ቆሞ መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

«ታዙረኛ!» አለ። «አንተ ባዞርክልኝ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። መኪናዋ የጋራችን ናት። ካልተስማማን እንካፈላት፤ የኋላዋን ውሰድ፣ መሪው ያለበት ይበቃኛል።»

ደጅ ላይ ጆሯቸውን አቁመው የነበሩት መካኒኮች በሳቅ ፈነዱ። ነፋሱ ሊስቅ እየቃጣው ፊቱን አጨፈገገና «ታያላችሁ!» ብሎ ወጣ። ሻዩን ሳይጠጣ።

የልጇ ነገር ግን በሳቅ የሚያልፍ አልነበረም።

ሰፊዋ አንድ ልጅ ነው ያላት፤ ባንክ የምትሠራ፣ ልታገባ የተቃረበች። በመርፌ ነው ያሳደገቻት፤ በስጋትም። ዝናብ ሲመጣ «ጃንጥላ ይዘሻል?»፣ ፀሐይ ሲወጣ «ውሃ ጠጥተሻል?» እያለች በቀን ደጋግማ ትደውልላታለች። ልጅቷ መንገድ የተሻገረችበትን ቀን ሁሉ እናትየው በጸሎት ነው ያሳለፈችው።

«እማዬ፣ እውነት ነው የሚባለው?» አለች ልጅቷ ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ፤ ቦርሳዋን ሳታወርድ።

«ምን ይባላል?»

«መኪና ውስጥ ከሰውዬ ጋር ተቀምጠሽ፣ በሕዝብ ፊት... በዚህ ዕድሜሽ?»

«ለመቀመጥ ስንት ዓመት ነው የሚፈቀደው?»

«እማዬ! አትቀልጂ። የእጮኛዬ እናት እንዴት ያለች ሥርዓተኛ እንደሆነች ታውቂያለሽ። ሰው ምን ይላል? ትዳር የምይዘው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ? የማን ቤት ፈርሶ የማን ሊበጅ ይሉናል።»

ሰፊዋ ሳህኑን ማድረቅ ቀጠለች። የደረቀውን ሳህን እንደገና አደረቀችው።

ልጅቷ ቀረብ ብላ ክንዷን ያዘቻት። ድምፅዋ ለሰለሰ። «እሺ፣ ሂጂ። ግን ማን ነሽ ሲሉሽ "ወንበሩን የሰፋሁት ነኝ" በይ። ውሸት አልጠየቅኩሽም። የሰፋሽው አንቺ አይደለሽ? የእጮኛዬን እናትም ይዤ እመጣለሁ፣ እሷም ሰምታ ትረጋጋለች። በሞቴ፣ እማ።»

«በሞቴ አትበይ፣ ልጄ። ምን ይላል አፍሽ!»

ሌላ ነገር አላለችም። ልጅቷ ዝምታዋን እሺ ብላ ወሰደችው፤ ጉንጯን ስማት ሄደች።

በማግስቱ ለነጋሪው ነገረችው። 

«እናት ነሽ» አለ። «አንቺ እንዳልሽ። ሰፊዬ ናት እላለሁ።»

አልተቆጣም። አለመቆጣቱ ነው ያንገበገባት።

እሑድ ጠዋት መነሻው ቦታ በሰው ተጥለቅልቆ ነበር። አሮጌዎቹ መኪኖች ተሰልፈው ቆመዋል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ዝገቱን በቀለም የደበቀ፣ ጭሱን መደበቅ ያቃተው። ፀጉራቸው የነጣ ሰዎች ልጆቻቸውን በክንዳቸው እየጎተቱ «ይቺን ታያለህ? ይቺ እኮ...» ይላሉ፤ ልጆቹ ስልካቸውን ያያሉ። አንዷ ሞተር ስትነሳ ግን ሁሉም ቀና አለ።

ሰፊዋ በራሷ ልክ በሰፋችው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ ነጋሪው በትልልቅ ፊደል የጻፈላት የመንገዱ ወረቀት አለ። ከገመዱ ወዲያ ልጇን አየቻት፤ ከአጠገቧ ቦርሳዋን በሁለት እጇ የያዘች፣ ቀጥ ያለች ሴትዮ። ትንሽ ራቅ ብሎ ነፋሱ በርጩማ ላይ ምርኩዙን ተደግፎ አኩርፏል። «ታያላችሁ!» ብሎ የወጣው ሰውዬ ከሁሉ ቀድሞ ነው የደረሰው።

ማይክ የያዘው አስተዋዋቂ ከመኪና መኪና እያለፈ ደረሰባቸው።

«እነሆ ነጯ! የነፋሱና የነጋሪው መኪና!» ሕዝቡ ጮኸ። «ዛሬ ነጋሪው ራሳቸው መሪውን ይዘዋል! ከጎንዎ ያሉትን እመቤት ያስተዋውቁናላ!»

ነጋሪው ማይኩን አየ። ከዚያ መሪውን። «እሷ...» አለ። «እሷ ወንበሩን...»

 ቃሉን ሊጠብቅላት ነበር፤ ቃሉን ሲጠብቅ ግን ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ሲጠፋ አየችው።

ሰፊዋ ወደ ልጇ ዞረች። ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጣብቃ ትጠብቃለች። ያን ፊት ታውቀዋለች። በመስታወት ስታየው የኖረችው የራሷ ፊት ነው። ይኸን ፍርሃት ልጄ ከማን ወረሰችው? ብላ አሰበች። ጃንጥላና ውሃ ብቻ አይደለም የሰጠኋት፤ ይኸንንም ሰጥቻታለሁ። ነገ ትዳር ልትይዝ ነው፤ ይኸንን ይዛ ነው የምትገባው?

በነጋሪው ላይ ተንጠራርታ ማይኩን ከአስተዋዋቂው እጅ ወሰደችው።

«ወንበሩን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ከድምፅ ማጉያው ወጥቶ ከተራራው ጋር ተጋጨ። «ዛሬ የተቀመጥኩበት ግን ልሰፋ አይደለም። ይኸ ሰውዬ እንዳገባው ጠይቆኛል። እሺ ብዬዋለሁ። እሱ ራሱ አሁን ነው የሰማው። እዚያ ጋ የቆመችው ልጄ ናት፤ አንድም ቀን አሳፍራኝ አታውቅም፣ ዛሬም አላሳፈርኳትም። ሌላ ጥያቄ ያለው አለ?»

 አንዲት ሞተር ብቻ ታንኳኳለች።

«የለም!» አለ አንድ ሻካራ ድምፅ ከዳር። ነፋሱ ነበር። በርጩማውን ገልብጦ ተነስቷል። «ምን ታፈጣላችሁ? አጨብጭቡ እንጂ!»

ጭብጨባው እንደ ጠጠር ዝናብ ወረደ። ነጋሪው ማይኩን የያዘውን እጇን በሁለት እጁ ያዘው።

ልጅቷ በገመዱ ሥር ሾልካ እየሮጠች መጣች። ፊቷ ቀልቷል። መስኮቱን ይዛ ቆመች።  ከገመዱ ወዲያ የቆመችው ሴትዮ ቦርሳዋን እንደያዘች ናት፤ አላጨበጨበችም፣ አልሄደችምም።

«እማዬ» አለች ልጅቷ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ የቁጣም ይሁን የሌላ ሰፊዋ መለየት አልቻለችም። «አንቺ ሴትዮ... ጉድ ሠራሽኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አሁን እሷን ምን ልበላት?»

«እናቴ ናት በያት። ከዚህ ሌላ ምንም መጨመር የለብሽም።»

ልጅቷ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። እጇን በመስኮቱ አስገብታ የእናቷን ቀበቶ ሳበችና አጠበቀችው፤ እንደገና ሳበችው። ከዚያ ወደ ነጋሪው ጎንበስ አለች።

«ቀስ ብለው ይንዱ» አለችው። «እናቴን ነው የያዙት።»

«እሷ ባነበበችው ልክ ነው» አለ ነጋሪው።

ልጅቷ ወደ ገመዱ ተመለሰች። ከሴትዮዋ አጠገብ፣ በነበረችበት ቦታ፣ አሁን ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች።

ባንዲራው ወረደ። ነጯ አልተንቀሳቀሰችም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለች ሰፊዋ።

«አንብቢልኝ እንጂ።»

ወረቀቱን አቀናች። ጣቷን የመጀመሪያው ፊደል ሥር አደረገች። ከኋላቸው ያለው መኪና ጡሩንባውን ነፋ፤ ሌላው ተከተለ፤ አንዱ «ኧረ እማማ፣ ይመሻል!» ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ ሳቀ። ሰፊዋ ቀና አላለችም። ይንፉ። ይሳቁ። አንዱን ፊደል ከሌላው ጋር ረጋ ብላ ገጠመችው፣ ቃሉ በአፏ ውስጥ ሙሉ እስኪሆን ጠበቀችው፣ ከዚያም ማንም እንዳልሰማሁ እንዳይል አድርጋ አነበበችው።

ነጋሪው ማርሽ አስገባ፤ ነጯም ተነሳች።